ሻርኮቹና የእትዬ ደጃፍ

ይድረስ ለእትዬ፣ በመርፌሽ ጫፍ ላሳደግሽኝ ታላቄ፤

እንዴት ከርመሻል? ከስልኩ ወዲህስ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም እንደ አሮጌ ማጠፊያ ይጮኻል? እንቅልፍሽ ተመለሰ? ከሁሉ በላይ ዓይንሽ እንዴት ነው? ጠብታውን በየሰዓቱ ታደርጊያለሽ ወይስ «ዛሬስ ደህና ነኝ» እያልሽ ታልፊዋለሽ? ሐኪሙ እንዳታጎነብሺ ነግሮሻል። የወደቀ መርፌ ስትፈልጊ ግን ከሐኪም ቃል መርፌው እንደሚበልጥብሽ አውቃለሁ። መርፌውን ሌላ ሰው ይፈልገው፤ አንቺ ተቀመጪና እዘዢ። ማዘዙ መቼም አይጠፋሽም።

እኛ ሁላችን ደህና ነን፣ ተመስገን። እኔ ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም፤ እርሱም ቢሆን ከአንቺ ጉልበት ጋር ተማክሮ የሚያመኝ ይመስለኛል። ልጄ፣ አንቺ እስከ ዛሬ «ድንቡሼ» የምትያት፣ ጤነኛ ናት። ድንቡሽነቱ ግን የለም፤ ባሕሩና ሥራው አቅጥነዋታል። ባሏ መካኒኩም ደህና ነው። ቀኑን ሙሉ የአውቶቡስ ሞተር ሲፈታ ይውልና ቤት ሲገባ ደግሞ የሚፈታ ነገር ይፈልጋል። ባለፈው የወጥ ቤቱን ቧንቧ ፈታው። ቧንቧው ምንም አልሆነም ነበር። አሁን ግን ያንጠባጥባል።

ፊደሉን እንደዚህ ያጎላሁት ስለማታዪ አይደለም፤ ስለምታዪ ነው። እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን ሌላ ሰው ሲያነብልሽ፣ እኔም በሌላ ሰው አፍ መነገር የማይገባውን እየዘለልኩ ስጽፍልሽ ኖርኩ። ይሄኛው ከስንት ዘመን በኋላ በራስሽ ዓይን የምታነቢው የመጀመሪያው ስለሆነ ምንም አልዘለልኩም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ መጨረሻውን አስቀድመሽ አትመልከቺ። አውቅሻለሁ፣ ልብስ ሲያመጡልሽ ከጠርዙ ነው የምትጀምሪው። ይህ ደብዳቤ ከአንገቱ ይጀመር።

በኋለኛው ስልክሽ «የልጅቷ የሻርክ ነገር ምን ደረሰ? ሥራዋስ ይቀጥላል?» ብለሽ ስትጠይቂኝ «ደህና ነው» ብዬ ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞርኩት። አንቺም ስለ ዝናቡ መለስሽልኝ። እንዲህ ስታልፊው ገብቶሻል ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ደህና አልነበረም፤ የልጅቷ ሥራ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ነበር። ክሩንም የነካሁት እኔ ነኝ። ከአንቺ በሰማሁት ነገር ነው የነካሁት፤ አንቺ ግን ይህን አታውቂም። እንግዲህ በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

ይህች ከተማ በሁለት ሰላጤዎች መካከል የተቀመጠች ናት፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። በመካከላቸው እንደ አፍንጫ ወደ ባሕሩ የገባ ድንጋያማ ተራራ አለ። በሁለቱም ሰላጤ ጀርባው ግራጫ፣ ሆዱ ነጭ፣ ርዝመቱ ከሰው ቁመት ብዙም የማይበልጥ ሻርክ ይኖራል። አትደንግጪ፣ ሰው አይነካም። ሴቶቹ ሊወልዱ ሲሉ ውኃው ጉልበት ወደማያልፍበት ዳርቻ ይጠጋሉ፤ ግልገሎቹም ጥርሳቸው እስኪጠነክር እዚያው ያድጋሉ። የድንቡሼ ጥያቄ ይህ ነው፤ የትልቁ ሰላጤ ሻርኮችና የትንሹ ሰላጤ ሻርኮች አንድ ዘር ናቸው ወይስ ሁለት? ለዓይን ቁርጥ አንድ ናቸው። ጎን ለጎን ቢያጋድሙልሽ ማን ከየት እንደመጣ አንቺም አትለዪም።

ምን ይጠቅማል ትዪኝ ይሆናል። በትንሹ ሰላጤ ሻርኩ እየሳሳ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ግን አይጨነቁም፤ «የእኛ ቢያልቅ ከትልቁ ይመጣልናል፣ ባሕር አጥር የለውም» ይላሉ። አንድ ከሆኑ እውነታቸውን ነው። ሁለት ከሆኑ ግን ያለቀው አለቀ፤ የሚተካው የለም።

ድንቡሼ የምትሠራበትን የምርምር ክፍል ኃላፊ ሠራተኞቹ «በረዶው» ይሉታል። የማቀዝቀዣዎቹን ቁልፍ የሚይዘው እርሱ ስለሆነ ነው ቢሉኝም፣ ሌላም ምክንያት እንዳለው ፊቱን ስታዪ ይገባሻል። በረዶው ገና ሲቀጥራት ቁርጡን ነግሯታል። ልዩነት ከተገኘ ጥናቱ ይቀጥላል፤ ልዩነት ከሌለ ግን የሚጠና ነገር የለምና ቦታዋ በዓመቱ መጨረሻ ይዘጋል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ያለው አንድ ጀልባ፣ አንድ ማሽን ነው፤ ተራ የሚጠብቁ ሌሎች አሉ።

ልዩነቱን እንዴት እንደሚያገኙት በአንቺ ሙያ ላስረዳሽ። ለሁለት ሰው የተሰፋ ልብስ ስታዪ ጨርቁ ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? ገልብጠሽ ክሩን ታያለሽ። እነርሱም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። የማንኛውም ፍጥረት አካል የተሸመነበት ክር አለ፤ ዘረመል ይባላል። ከዚህ ክር ጥቂቱ ከእናት ብቻ ይወረሳል፤ እርሱን ድር በይው። የቀረው፣ ብዙው፣ ከእናትም ከአባትም ይመጣል፤ እርሱን ደግሞ ማግ በይው። ይህን ምሳሌ ለድንቡሼ ባሰማት ራሷን ነቀነቀች። «ልክ አይደለም፣ ግን ለአክስቴ ይሁን» አለች። በመምህርነቴ ዘመን አርባ ልጅ ባለበት ክፍል ሙሉ በሙሉ ልክ የሆነ ምሳሌ ፈልጌ አግኝቼ አላውቅም። የሚያስኬድ ከሆነ ይበቃል።

እኔ በዚህ መካከል ምን ገባሁ? ጡረታ ወጥቼ ወደ ልጄ ስመጣ «አባባ፣ አንተ አርፈህ ባሕሩን እያየህ ትቀመጣለህ» ነበር የተባልኩት። ባሕሩን አየሁት። ጥሩ ነው። ከሳምንት በኋላ ግን ባሕሩም እኔን አይቶ የጠገበ መሰለኝ። አንድ ቀን ምሳዋን ረስታ ሄዳ ላደርስላት ወደ ቤተ ሙከራዋ ስገባ በየብልቃጡ ላይ የጻፈችውን ቁጥር አየሁ። ዶሮ የጫረችው ነው። ሰባቱ አንድ ይመስላል፣ አንዱ ሰባት። ተማሪ እንዲህ ያለ ደብተር ቢያመጣልኝ «ወላጅህን ይዘህ ና» እለው ነበር፤ ችግሩ ወላጁ እኔ ነኝ። ቁጭ ብዬ የመጀመሪያውን ረድፍ እንደገና ጻፍኩላት። በረዶው በዚያ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየና «ይቀጥሉ፣ መምህር» ብሎኝ ሄደ። እኔም ቀጠልኩ።

ነጭ ጋወን ሰጥተውኛል። እጅጌው ረዝሞ ጣቴን ይውጠው ስለነበር አንቺ እንዳሳየሽኝ በስውር ስፌት አሳጠርኩት። ማሽኑን የምታሠራው ባለማሽኗ፣ አፏ የማያርፍ ሳቂታ ልጅ፣ ስፌቱን ፈልጋ አጣችው። ከዚያ ወዲህ የክፍሉ ልብስ ሰፊም ሆኛለሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ በአንድ ወገን ማቀዝቀዣዎቹ እንደተቆጣ ሰው ሲያጉረመርሙ ይውላሉ፣ በሌላው ወገን ፀሐይ እንዳይገባ ግማሹ በወረቀት የተለጠፈ መስኮት አለ። አልኮልና ዓሣ ይሸታል። መጀመሪያ ያቅለሸልሻል፣ በኋላ የራስሽ ሽታ ይሆናል። አውቶቡስ ውስጥ ሰዎች ከአጠገቤ ሲነሱ ለሽምግልናዬ ቦታ የለቀቁልኝ ይመስለኝ ነበር።

ናሙናውን የሚያመጡት በጀልባ ነው። ጀልባ ነጂው የእኔ እኩያ፣ ዕድሜውን ሁሉ በትንሹ ሰላጤ ያጠመደ ሰው ነው። ሻርኩን በመንጠቆ ይዘው ከጀልባው ጎን ያስጠጉትና ከክንፉ ጫፍ ጥፍር የምታህል ቁራጭ በመቀስ ይወስዳሉ፤ ከዚያ ይለቁታል። «በስተርጅና የሻርክ ጥፍር ቆራጭ ሆንኩ» ይላል ጀልባ ነጂው። በድንቡሼ ጥያቄም ይስቃል። «መምህር፣ ልጅዎ ለሻርክ ዘመድ ልታፈላልግ ነው፤ ሠርግ አለ እንዴ?» ብሎኛል።

ቁራጮቹ በብልቃጥ ሆነው ከመጡ በኋላ ክሩን ማሽን ያነበዋል። አሁን ልብ በይልኝ። መጀመሪያ የትልቁ ሰላጤ ሁሉ ተነበበ። ያ እንዳለቀ ማሽኑ ተበላሸ፤ የሚጠግነውም ጠፋ፣ ሌላ አዲስ ማሽን መጣ። የትንሹ ሰላጤ በአዲሱ ተነበበ። ሁለቱ ሲነጻጸሩ በኮምፒውተሩ ላይ የወጣው ሥዕል ልጅ እንኳ የሚያነበው ነበር፤ በአንድ በኩል የሰማያዊ ነጠብጣብ ክምር፣ በሌላው በኩል የቀይ ነጠብጣብ ክምር፤ በመካከላቸው ባዶ ሜዳ። በድሩም በማጉም ሁለት ዘር ናቸው ማለት ነው። ድንቡሼ ወንበሯን አዙራ አየችኝ። በረዶውም አይቶ ራሱን ነቀነቀ። የእርሱ ራስ መነቅነቅ እንደ ሌላ ሰው እልልታ ይቆጠራል። በጉባኤ ፊት የምታቀርብበት ቀን ተቆረጠላት። መካኒኩ ኬክ ገዝቶ ገባ፤ ላዩ ላይ ሻርክ እንዲሥሉለት አዝዞ ኖሮ የሣሉለት ጫማ ይመስል ነበር። በልተነዋል።

የፊተኛውን ስልክ የደወልሽው በዚያው ሰሞን ነበር። ሞራው ከቀኝ ዓይንሽ ከተገፈፈ በኋላ የሆነውን የነገርሽኝ ታስታውሻለሽ? የአንዲቷን ደንበኛ ቀሚስ አካሉን ከሕክምናው በፊት ቆርጠሽ፣ እጅጌውን ከሕክምናው በኋላ ልትቆርጪ ስትዘረጊው ጨርቁ ሌላ ሆኖ አገኘሽው። «ያኛው ሻይ የፈሰሰበት ይመስል ነበር፣ ይሄ እንደ ወተት ነጭ ነው፤ ከሌላ ጣቃ አምጥተሽ ልታሞኚኝ ነው?» ብለሽ ሴትዮዋን ተቆጣሻት። እርሷ ስትምል፣ አንቺ ስትቆጪ፣ በመጨረሻ ሁለቱንም ይዘሽ እንደ ልማድሽ ደጃፍ ወጣሽ። ጎን ለጎን አድርገሽ በቀኝ ዓይንሽ አየሻቸው፤ አንድ። በግራ ዓይንሽ አየሻቸው፤ አሁንም አንድ። «ጨርቁስ አንድ ነው፣ ለካ ሁለት የሆነው ዓይኔ ነው» ብለሽ ስትስቂ እኔም አብሬሽ ሳቅሁ።

ስልኩን ዘጋሁ። በየብልቃጡ ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የትኛው በየትኛው ማሽን እንዳለፈ ከማንም ይልቅ አውቃለሁ። ግማሹ በአሮጌ ዓይን፣ ግማሹ በአዲስ ዓይን።

ጥያቄውን ይዤ ሰነበትኩ። እትዬ፣ ለተማሪ ጥያቄ መጠየቅ ቀላል ነው፤ መልሱን ታውቂዋለሽ። ይሄኛውን መልስ አላውቀውም ነበር። ዝም ብል የልጄ ደስታ ይቀጥላል። ብናገርና ልዩነቱ የማሽን ሆኖ ቢገኝ፣ ቦታዋን የዘጋሁት እኔው ነኝ። በሌላ በኩል ስንት ዓመት ፈታኝ ሆኜ ኖርኩ? አንዱን ክፍል በአንድ አዳራሽ፣ ሌላውን ክፍል በሌላ አዳራሽ አስፈትኖ ውጤቱ ሲለያይ «እነዚህ ጎበዞች፣ እነዚያ ሰነፎች» ማለት አይቻልም። ምናልባት አንደኛው አዳራሽ ጨለማ ነው። ምናልባት የአንደኛው ፈታኝ እንቅልፋም ነው። ይህን ለጀማሪ መምህራን ስንት ጊዜ ነግሬአለሁ። ለሌላ ሰው ልጅ ሲሆን ቀላል ነበር።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ዕቃ ስናጥብ፣ እርሷ እያጠበች እኔ እያደረቅሁ፣ የአንቺንና የቀሚሱን ነገር አወራሁላት። ሳቀች። ከዚያ እኔ አብሬያት አለመሳቄን አየች መሰለኝ፣ እጇ ውኃው ውስጥ እንዳለ ቆመ። «አውቃለሁ፣ አባባ» አለች። እኔ ገና ምንም አልጠየቅሁም ነበር። «አዲሱ ማሽን ሲመጣ አስቤው ነበር። የአንድ ፋብሪካ ናቸው፣ ምንም አይልም ብዬ ተውኩት። ከዚያ ሥዕሉ ሲያምርልኝ ደግሞ ጭራሽ ላስበው አልፈለግሁም።» ቀጥላ እጇን በፎጣ ጠረገችና «ከዚህ ሁሉ ሰው አንተ ነህ የምትጠይቀኝ?» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። በሩን በኃይል አልዘጋችውም። በኃይል ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር።

መካኒኩ ገብቶ «አባባ፣ እርስዎ ምን አሏት?» አለኝ። ነገርኩት። «የፊተኛውን ጎማ በአንድ መለኪያ፣ የኋለኛውን በሌላ መለኪያ ለክቶ ንፋሱ እኩል አይደለም የሚል ሰው እኛ ጋ ቢመጣ መለኪያውን ነጥቀን መፍቻ ነው የምናስይዘው» አለ። ከዚያ የቀሩትን ሳህኖች ማጠብ ጀመረ። ቧንቧውን የፈታው በማግሥቱ ነው። የጭንቀት ይመስለኛል።

ድንቡሼ ሰኞ ጠዋት በረዶው ዘንድ ሄዳ ሁሉንም ነገረችው። እኔ ከቢሮው የመስታወት ግድግዳ ወዲህ ሆኜ ብልቃጥ ላይ የምጽፍ እመስል ነበር፤ የጻፍኩትን ግን በኋላ ሁሉንም ደመሰስኩት። እርሱ ሳያቋርጣት ሰማት። ሲጨርሱ የተባባሉትን የነገረችኝ እርሷ ናት። «ከሁለቱም ሰላጤ የተረፈ ቁራጭ አለ?» ብሎ ጠየቃት። አለ አለችው። «ልዩነቱ ከጠፋ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?» አላት። አውቃለሁ አለችው። «በይ እንደገና አስነብቢያቸው፤ ማሽኑ እስከ ወሩ መጨረሻ የአንቺ ነው። ጉባኤውን እኔ አዘገየዋለሁ» አላት። ወጥታ በአጠገቤ ስታልፍ ትከሻዬን ነካ አደረገች። ከእሑዱ ዕቃ አጠባ ወዲህ ስትቀርበኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

የብልቃጦቹን የትሪ ላይ አቀማመጥ ለእኔ ሰጠችኝ። የማውቀው አንድ አቀማመጥ ነው፤ የፈተና አዳራሽ። አንድ ከትልቁ፣ አንድ ከትንሹ፣ አንድ ከትልቁ፣ አንድ ከትንሹ፤ በወርድም በቁመትም ሁለት የአንድ ሰላጤ ልጆች ጎን ለጎን እንዳይሆኑ። ሁሉም በአንድ ማሽን፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ እጅ። ባለማሽኗ ትሪውን አይታ «መምህር፣ ሻርክ ይኮርጃል እንዴ?» አለችኝ። «ሻርኩ አይኮርጅም፤ የሚያስኮርጀው ማሽንሽ ነው» አልኳት። ማሽኑን መታ መታ አድርጋ «ስምህን እያጠፉ ነው» አለችው።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። በቤት ውስጥ ስለ ሻርክ የሚያነሣ ሰው ጠፋ። ድንቡሼ በመሣቢያዋ ያለውን ልብስ ሁሉ አውጥታ አጠፈች፤ ያጠፈችውን ፈትታ እንደገና አጠፈች። ቦታ ለቅቆ የሚሄድ ሰው የሚያደርገውን ስታደርግ ማየት ልቤን ቢነካውም አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። ምግቧን ትበላለች፣ ትተኛለች። በሥዕሉ ደስታ ሰሞን አትተኛም ነበር።

በእነዚያ ቀናት ጀልባ ነጂው ይዞኝ ወጣ። «ቤት ተቀምጠው ግድግዳ ከሚቆጥሩ» ብሎ። ትንሹን ሰላጤ ግማሽ መንገድ እንኳ ሳንሄድ ቁርሴን ለባሕሩ አስረከብኩ፤ እርሱም «ለደንበኞቼ ግብዣ አቀረቡ» እያለ ሳቀብኝ። ከዳርቻው ስንደርስ ሞተሩን አጠፋና በእጁ አሳየኝ። ሆዷ የገፋ ሻርክ ነበረች። በዚያ ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ አሸዋውን ልትነካ ምንም ሳይቀራት፣ ቀስ ብላ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ቤቷን እንደምታውቅ ሴት ነበር አካሄዷ፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛውን ሳይነካ የሚያልፍ ሰው አካሄድ። ጀልባ ነጂው በዚያን ጊዜ አልቀለደም።

ውጤቱ የወጣ ዕለት ድንቡሼ «አባባ፣ ና አብረን እንየው» አለችኝ። መጀመሪያ ማጉን ከፈተች። ያ ባዶ ሜዳ ጠፍቷል። ቀዩና ሰማያዊው እንደ ገበያ ሰው ተቀላቅለው አንድ ክምር ሆነዋል። ያ ሁሉ ልዩነት የማሽኑ ነበር። ባለማሽኗ ማሽኗን አንዴ አየችው። እኔ የልጄን ፊት ማየት አልቻልኩምና እጇን አየሁ። በዚያው እጇ ሁለተኛውን ከፈተች፤ ድሩን። እትዬ፣ ድሩ እንደነበረ ነው። ቀዩ በአንድ ወገን፣ ሰማያዊው በሌላ ወገን። እየደጋገመች አየችው። ትሪውን በሌላ አቀማመጥ አስነበበችው፤ ያው ነው።

ትርጉሙን ሳስረዳሽ ደስ ይለኛል፤ ለክፍል የሚሆን ትርጉም ነው። በማጉ አንድ፣ በድሩ ግን ሁለት ናቸው። እናቶቹ እነርሱ ወደ ተወለዱበት ውኃ እየተመለሱ ይወልዳሉ፤ ድሩ ከሰላጤው አይወጣም። አባቶቹ ግን ተራራውን ዞረው ወዲያም ወዲህም ይሄዳሉ፤ ማጉን የሚቀላቅሉት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ የትንሹ ሰላጤ እናቶች ካለቁ ከትልቁ ሰላጤ ወንድ ይመጣል እንጂ እዚያ ገብታ የምትወልድ አትመጣም። የመጀመሪያው ሥዕል ቢያምርም «ሁለት ዘር» ከማለት በቀር የሚናገረው አልነበረውም። ይሄኛው ማን እንደሚመለስና ማን እንደሚዞር ይናገራል።

በረዶው ቆሞ ነበር የሚያነበው። እየቆየ ወንበር ሳበና ተቀመጠ። በዚያ ክፍል ሲቀመጥ ያየው ሰው የለም። ሲጨርስ «ያኛውን አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ይሄኛውን አምነዋለሁ» አላት። ቦታዋ ተራዘመ። በሚቀጥለው ዓመት ግልገሎቹን ትከታተላለች፤ እኔም የምጽፈው ቁጥር አላጣም። ጉባኤው ላይ ስታቀርብ ዓሣ አጥማጆቹም ተጠርተው ነበር። ተከራክረዋል፤ አንዱማ «ሻርክ እናቱን ያውቃል ነው የምትይኝ?» ብሏታል። በመጨረሻ ግን ጀልባ ነጂው ተነሥቶ «ምን ይገርማችኋል፣ የእኔ ቤት ነው እኮ፤ እኛ ወንዶቹ ስንዞር እንኖራለን፣ ቤቱ የሴቶቹ ነው» አለና አዳራሹን አሳቀው። በመውለጃው ወራት መረባቸውን ከዳርቻው ሊያነሡ ተስማምተዋል። ጀልባ ነጂው ደግሞ ከዚያ ወዲህ ሰላምታው ተለውጧል። «መምህር፣ በእናትዎ ከየትኛው ሰላጤ ነዎት?» ይለኛል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጥናቱ ሲታተም በመጨረሻው ላይ የረዷቸውን ሰዎች ያመሰግናሉ። ድንቡሼ ጀልባ ነጂውን፣ ባለማሽኗን፣ እኔን ካመሰገነች በኋላ «ሁለቱን በአንድ ብርሃን ማየት ላስተማረችን ልብስ ሰፊ አክስቴ» ብላ ጨመረች። በረዶው ረቂቁን ሲያርም እዚያ ላይ ቆመና «ሌሎቹ ሁሉ መሥሪያ ቤታቸው ተጽፏል፤ እርሳቸው የየትኛው ተቋም ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። ድንቡሼ ግራ ገብቷት «እርሳቸው እንኳ ተቋም የላቸውም፤ ጨርቅ የሚያዩት ደጃፋቸው ላይ ነው» አለችው። «እንግዲያው ደጃፍ ብለሽ ጻፊዋ» አላት። አልሳቀም። የእውነቱን ነበር። ተጽፎልሻል እትዬ፤ ደጃፍሽ ከመሥሪያ ቤቶቹ ጋር በአንድ መስመር ላይ ነው።

ለልጅሽ ለሹፌሩ ሰላምታዬን ንገሪው፤ ዳገት ላይ አይቸኩል። ለሚስቱ ልዩ ሰላምታ አድርሺልኝ፤ ጠብታውን የምታስታውስሽ እርሷ መሆኗን አውቃለሁ። ለትልቁ የልጅ ልጅሽ የሒሳብ ጥያቄዎቹ እየተጻፉለት ነው በይው፤ ለትንሿ ደግሞ አክስቷ የሻርክ ጥርስ ይዛላት ትመጣለች፤ ራሱ የወለቀ ነው፣ ማንም አልነቀለውም። ለረዳትሽ ለቁልፍ ተካዪዋ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ደብዳቤዬን ስታነብልሽ ለኖረችው ለጎረቤትሽ ለነርሷ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ሰላም በያቸው። ነርሷ ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው አነበበው ብላ እንዳትቀየም፤ ያነበብሽው አንቺ መሆንሽን ንገሪያት፣ ደስ ይላታል። ያቺን የቀሚስ ደንበኛሽንም ሳሚልኝ። ይቅርታ ጠይቀሻት ከሆነ በእኔ ስም ድገሚው።

አሁን ወደ ግራ ዓይንሽ። ሐኪሙ ቀጠሮ ሰጥቶሽ ሳለ «አንዱ ይበቃኛል፣ አሮጌው ለማነጻጸሪያ ይቅርልኝ» ማለትሽን ልጅሽ ነግሮኛል። ማነጻጸሩ አልቋል፣ እትዬ። ከአሮጌው ዓይን የምንፈልገውን አግኝተናል፤ አመስግነሽ አሰናብቺው። እኔና ድንቡሼ በሚቀጥለው ወር ዕረፍት ይዘን እንመጣለን። የቀሚስ ጨርቅ ገዝታለች፤ አክስቴ ካልሰፋችው አልለብሰውም ብላለች። ቀለሙ ምን እንደሆነ እኔም እርሷም መስማማት አልቻልንም፤ እኔ አረንጓዴ እላለሁ፣ እርሷ ሰማያዊ ትላለች፣ መካኒኩ ሁለታችንም ተሳስታችኋል ይላል። ስንመጣ ይዘነው ደጃፍሽ ላይ እንቆማለን። ፍረጂን፤ ግን በሁለቱም ዓይንሽ አንድ ዓይነት ቀለም ስታዪ ነው።

ወንድምሽ

ከባሕሩ ዳር፣ ቧንቧው ከሚያንጠባጥበው ቤት
የካቲት ፲፬ ቀን